እትዬ ዝም ስትል የሚሰማው ድምፅ

እትዬ ከኦማኗ ከተማ ከመስካት የላከችልን የመጀመሪያው ደብዳቤ ካሴት ነበር። ጊዜው 1990 ዓ.ም. ግድም ነው። ደሴ እኛ ሰፈር ስልክ ያለው ቤት በጣት ይቆጠራል፤ አረብ አገር የሄደ ሰው ድምፁን በካሴት ቀድቶ ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ሰው አደራ ይሰጣል። ካሴቱ የደረሰ ዕለት ጎረቤት ተጠራ፣ ቡና ተፈላ፣ አባቴም ቴፑ ውስጥ አዲስ ባትሪ ድንጋይ ከቶ ቁልፉን ተጫነው።

እትዬ እያንዳንዳችንን በየስማችን እየጠራች ጠየቀች። የእኔን ትምህርት፣ የአያታችንን ጉልበት፣ የጎረቤቱን ደኅንነት ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀች። መሐል ላይ ሆድ ይብሳትና ዝም ትላለች። ያን ጊዜ ከጀርባዋ አንድ ድምፅ ቀስ እያለ ይነሣል፤ ከሩቅ የሚሰማ ወፍጮ የመሰለ ማጉረምረም። መናገር ስትጀምር ይሸሻል፣ ዝም ስትል ተመልሶ ይመጣል። እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ፣ «ዝም ስትል የሚጮኸው ምንድን ነው?» አለች። የሚያውቅ አልነበረም። አንዲት ጎረቤታችን፣ «ባሕሩ ነዋ! አገሩ እኮ ባሕር ጠርዝ ላይ ነው አሉ» አለች። እናቴም አመነች። ከዚያ በኋላ ካሴቱን በሰማች ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ጆሮዋን ወደ ቴፑ ታስጠጋለች፤ ልጇ ያለችበትን ባሕር ታዳምጣለች።

እኔ መስካት የገባሁት በ2002 ዓ.ም. ነው፤ እትዬ ወደ አገሯ ከተመለሰች ከዓመታት በኋላ። የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርኩት ሩዊ ሰፈር ውስጥ፣ አራት ሆነን በተከራየናት አንዲት ክፍል ነበር። መብራቱ ጠፍቶ ጓደኞቼ ዝም ዝም ሲሉ ያ ድምፅ ተነሣ። የሚመጣው ከራስጌዬ፣ ከግድግዳው ላይ ነው። ኤሲው ነው። በሙቀቱ ወራት ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ ኤሲ ሌሊትም ቀንም አይጠፋም። ተነሥቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ያን ሁሉ ዓመት ጆሮዋን አስጠግታ ያዳመጠችው ባሕር ይህ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባ አለኝ። ኤሲ ሲጮህ ውሎ ሲጮህ የሚያድረው በአንድ ልክ ነው። ታዲያ ካሴቱ ላይ እትዬ ስትናገር የሚሸሸው፣ ዝም ስትል የሚነሣው ለምንድን ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ ነው ዛሬ እንጀራዬን የምበላበት ሙያ ውስጥ የከተተኝ።

የተቀጠርኩት ለሠርግና ለበዓል ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ድርጅት ውስጥ፣ ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ነው። የድምፅ ባለሙያችን የኬረላ ሰው ነበር። ሁላችንም «ቼታ» እንለዋለን፤ በማላያላም ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ከሲብ እስከ ቁሪያት ያልዞርንበት የሠርግ ቦታ የለም። የኦማን ሠርግና በዓል ያለ ራዝሃ አይሆንም። ወንዶቹ ሰይፍ ይዘው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ግጥም ይቀባበላሉ፤ ሁለት ከበሮ ይመታላቸዋል። ትንሹ ካሲር፣ ትልቁ ራህማኒ ይባላል። ለእኔ ለወሎ ልጅ ፉከራና ቀረርቶውን አገሬ ላይ ያየሁት ያህል ነበር። ራህማኒው ማይክሮፎን አጠገብ ሲመታ የሚክሰሩ ቀይ መብራት ቦግ ይላል። ድምፅ ማጉያውን ከመቃጠል የሚያድነው የዕቃ መደርደሪያው (ራኩ) ውስጥ የተሰካ አንድ ዲቢኤክስ ኮምፕሬሰር ነበር።

ኮምፕሬሰር ድምፅ ከተወሰነ ከፍታ ሲያልፍ በራሱ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ያ ከፍታ ትሬሾልድ ይባላል፤ እኔ በአገሬ ቃል ደፍ እለዋለሁ፣ እንደ በር ደፍ። ከደፉ በታች ያለውን ድምፅ መሣሪያው አይነካውም። ከደፉ ያለፈው ላይ ግን ሥራውን ይጀምራል፤ ካለፈው ውስጥ ከስንት አንዱ ይተርፍ የሚለውን የሚወስነው ቁጥር ሬሾ ነው። 4 ለ 1 ማለት ድምፁ ከደፉ በላይ 4 ዴሲቤል ሲወጣ 1 ዴሲቤል ብቻ ይተውለታል ማለት ነው። ሬሾው ከ10 ሲያልፍ መሣሪያው በሰፊው ሊሚተር ነው የሚባለው። ያን ጊዜ ድምፁ ደፉ ላይ ሲደርስ ግድግዳ የገጨ ያህል ይቆማል።

ቼታ የሬሾውን መዞሪያ 10 ላይ አድርጎ፣ «ከዚህ በታች እንዳታወርደው» አለኝ። ለራህማኒ ትክክል ነበር። አንድ ድምፅ ማጉያ ቢቃጠል የስንት ወር ደሞዜ እንደሆነ አውቅ ስለነበር ትእዛዙን ሳላጎድል ጠበቅኩ። እንዲያውም እጄ ለመደው፤ የማንኛውንም ኮምፕሬሰር መዞሪያ ስይዝ ጣቶቼ ሳይጠየቁ ወደ 10 ይሄዱ ጀመር።

አንድ ሌሊት ዕቃ ጭነን ስንመለስ የእትዬን ካሴት ነገር አጫወትኩት። ቼታ ሳያስብ መለሰልኝ። በዚያ ዘመን በነበሩት ትንንሽ ቴፖች ውስጥ የሚቀዳውን ድምፅ በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሰርኪዩት ነበር። ሰው ሲናገር የማይክሮፎኑን ጉልበት ይቀንሳል፤ ሰው ዝም ሲል የሚቀዳ ነገር ፍለጋ ጉልበቱን መልሶ ከፍ ያደርጋል። በዝምታው ውስጥ ያለው ኤሲ ብቻ ስለሆነ ኤሲው ይጮኻል። «እሱም ኮምፕሬሰር ነው» አለኝ። እትዬ ስታለቅስ ሊሰማ የሚገባው ዝምታዋ ነበር፤ ቴፑ ግን ዝምታ አያውቅም፤ የማያውቀውን ነገር በኤሲ ሞላው።

በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 1 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ሻጢ አል ቁርም ላይ ሮያል ኦፔራ ሃውስ በፑቺኒ «ቱራንዶት» ተከፈተ። የኦማኑ ሱልጣን ቃቡስ የሲምፎኒ ኦርኬስትራቸውን ያቋቋሙት ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ሙዚቃ ይወዱ ነበር። እኔ ነጩን ሕንፃ ለወራት ከመኪና መስኮት ሳየው ከኖርኩ በኋላ አንድ ቀን ርካሹን ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ቫዮሊኖቹ ዝቅ ብለው ሲጫወቱ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ሲተነፍሱ ይሰማኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ኦርኬስትራው በሙሉ ሲነሣ ወንበሬ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። ከሹክሹክታው እስከ ጩኸቱ ያለው ርቀት እንደዚያ ሰፊ ሊሆን እንደሚችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። በካሴትና በታክሲ ራዲዮ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ሙዚቃ ሁልጊዜ በአንድ ከፍታ የሚሰማ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ያን ርቀት በገዛ እጄ ያጠፋሁት በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው።

ትርፍ ጊዜዬን ኮምፒዩተርና አንድ ማይክሮፎን ገዝቼ ክፍሌ ውስጥ የሐበሻ ልጆችን ድምፅ እቀዳ ነበር። አንዲት የወረ ኢሉ ልጅ ሰዎች ጠቁመዋት መጣች። ሲብ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች፤ የምታርፈው በወር ሁለት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ለእናቷ በራሷ ግጥም ትዝታ ልትዘፍንላቸው ፈለገች። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ፍራሹን አቆምን፣ ኤሲውን አጠፋን። የሐምሌ መስካትን በተዘጋ መስኮት ውስጥ ያለ ኤሲ ያየ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ቀድተን፣ ኤሲ አብርተን፣ ውሃ ጠጥተን፣ መልሰን አጥፍተን እንቀዳለን። ነጠላዋን በግንባሯ አስራ፣ ላቧ በአገጯ እየተንጠባጠበ ዘፈነች።

ድምፅዋ እንዲህ ነበር። ስትጀምር ሰው እንዳይሰማት የፈራች ያህል ትናገረዋለች እንጂ አትዘፍነውም። ሁለተኛው ቤት ላይ ዜማውን ትይዛለች። ሦስተኛው ላይ፣ የእናቷን ስም የጠራች ጊዜ፣ ድምፅዋ ተከፍቶ ክፍሉን ሞላው። ከዚያ መልሳ ወደ ሹክሹክታ ወረደች። እጄ መዳፊቱ ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ።

ማታውኑ ጥሬውን ቅጂ ጓደኛዬ መኪና ውስጥ ከፈትኩት። በሩዊ ጎዳና፣ በመኪናው ኤሲና በመንገዱ ጫጫታ መሐል የመጀመሪያው ቤት ጨርሶ አልተሰማም፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ጓደኛዬ ደንግጦ ድምፁን ቀነሰ። ችግሩ እውነተኛ ችግር ነበር፤ ኮምፕሬሰር የተሠራውም ለዚህ ነው። ክፍሌ ተመልሼ ኮምፕሬሰሩን ከፈትኩና ጣቶቼ የለመዱትን አደረጉ። ደፉን እስከ ሹክሹክታዋ ድረስ አወረድኩት፣ ሬሾውን 12 አደረግኩት፣ የተቀነሰውን ድምፅ በጠቅላላ መልሼ ከፍ አደረግኩት። አሁን መኪና ውስጥ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። ኮራሁ። እሷም በጆሮ ማዳመጫ ሰምታ «አማረ» አለችኝና በኢሞ ለእናቷ ላከችው።

በሚቀጥለው ዕረፍቷ መጥታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዐይኗን ወደ መሬት ጥላ፣ «ወንድሜ፣ ልፋትህን ማሳነሴ አይደለም» አለችኝ። «እማዬ ግን ከሰማችው በኋላ ደውላ፣ ‹ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?› አለችኝ። ‹ተኝተሽ ነው የዘፈንሽው? ደግሞስ ዝም ስትይ ከኋላሽ የሚጮኸው ምንድን ነው?›»

መልስ አልነበረኝም። ከአሥራ ሰባት ዓመት ግድም በፊት ደሴ ላይ እናቴ የጠየቀችውን ጥያቄ ሌላ እናት ወረ ኢሉ ላይ ሆና ጠየቀችኝ። በዚህኛው ጊዜ ጥፋቱ የቴፑ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። የክፍሌን ኤሲ ባጠፋም የጎረቤቶቹ ኤሲ በግድግዳው አልፎ በጣም ዝቅ ብሎ ተቀድቷል። ድምፅዋን ጨፍልቄ መልሼ ሳነሣው ዝምታዋንም አብሬ አነሣሁት፤ ኤሲውም አብሮ ተነሣ። የእናቷን ስም የጠራችበት ጩኸት ደግሞ ከሹክሹክታዋ ጋር እኩል ሆኗል። የወለደች እናት የልጇን ጩኸት ስታጣ ልጄ ታማለች ብትል ምን ይገርማል?

በማግስቱ ለቼታ ነገርኩት። ካራክ ሻይ ይዘን ከሕንፃችን ደረጃ ሥር ቆመን ነበር። ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው የሚወስደውን ደረጃ ቆጠረ፤ አሥራ ሁለት ነበር። «ይህ ወለል ደፉ ነው እንበል» አለኝ። «ልጅቷ በድምፅዋ አሥራ ሁለት ደረጃ ወጣች። ሬሾው 2 ቢሆን ስንተኛው ላይ ታገኛታለህ?» ስድስተኛው ላይ አልኩ። ወጥቶ ቆመ። «3 ቢሆንስ?» አራተኛው። ወረደ። «4 ቢሆን?» ሦስተኛው። «አንተ ያደረግከው 12?» አንደኛው ደረጃ ላይ፣ ከወለሉ አንድ እርምጃ ብቻ ከፍ ብሎ ቆመ።

ከዚያ ለዘመናት መጽሐፍ ባነብ የማላገኘውን ነገር አሳየኝ። ከ1 ወደ 2 ስትሄድ ስድስት ደረጃ ወሰድክባት። ከ2 ወደ 4 ስትሄድ ሦስት ደረጃ ጨመርክባት። ከ4 እስከ 12 ያን ያህል መዞሪያውን አዙረህ የወሰድከው ሁለት ደረጃ ብቻ ነው። እኔ ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ሥራውም የሚበዛ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ዋናው ነገር የሚሆነው ከታች፣ በ1 እና በ4 መካከል ነው። ድምፃዊ የሚኖረውም የሚሞተውም እዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለራህማኒና ለድምፅ ማጉያ ነው።

«ደፉንስ ማን ሹክሹክታዋ ሥር አድርግ አለህ?» ብሎ ጨመረ። ሬሾና ደፍ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱን ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም። ደፉ ከፍ ካለና ሬሾው ከበረታ የሚነካው አልፎ አልፎ የሚዘለውን ጩኸት ብቻ ነው። ደፉ ዝቅ ብሎ ሬሾው ከለዘበ ሁሉንም በጥቂቱ ያቀራርባል። ደፉን አውርዶ ሬሾውንም ማክበድ ግን ሰውየውን አፉን መያዝ ነው።

ያን ሌሊት ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ደፉን ከሹክሹክታዋ በላይ ሰቀልኩት፤ ስታንጎራጉር መሣሪያው እንዳይነካት። ሬሾውን 3 አደረግኩት። ጩኸቷ ከደፉ የሚያልፈው አሁን 6 ዴሲቤል ያህል ነው፤ 2ቱን ተውኩላት፣ 4ቱን ወሰድኩ። ኮምፕሬሰሩ ሥራ ለመጀመር የሚወስድበትን ጊዜ፣ አታክ የሚሉትን፣ ወደ 30 ሚሊ ሰከንድ አዘገየሁት። ይህን ያደረግኩት ለአማርኛ ስል ነው። የእኛ ቋንቋ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ የሚባሉ ፊደላት አሉት፤ ከጉሮሮ ፈንድተው የሚወጡ ናቸው። ጥድፊያ ያለው አታክ ከከባድ ሬሾ ጋር ሲሆን ፍንዳታውን ቀድሞ ይይዘዋል፤ «ጠ» ወደ «ተ»፣ «ቀ» ወደ «ከ» የቀረበ ሆኖ ይሰማል። በመጀመሪያው ቅጂዬ ቃላቷ ሁሉ የሰባ ምላስ የሚናገራቸው ይመስሉ የነበሩት ለዚህ ነበር። የመጀመሪያውን ቤት ሹክሹክታ ደግሞ ለመሣሪያው አልሰጠሁትም፤ ቃል በቃል፣ ትንፋሽ በትንፋሽ በእጄ ከፍ አደረግኩት፣ ዝም የምትልበትን ቦታ ሳልነካ። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ።

ልጅቷ ለእናቷ ላከችው። እናቷ በዚህኛው ጊዜ ስለ ድምፁ ምንም አላሉም። ደውለው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መቼ ነው የምትመጪው?»

ቆይቼ የዚህን መሣሪያ ታሪክ ሳነብ ያ ሌሊት የበለጠ ገባኝ። ቢል ፑትናም የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1967 አካባቢ ያወጣው 1176 የሚባለው ኮምፕሬሰር ሬሾው በአራት ቁልፍ ነው የሚመረጠው፤ 4፣ 8፣ 12 እና 20። ከእሱ የሚቀድመው ኤልኤ-2ኤ ደግሞ የሬሾ ቁጥር የሚባል ነገር ጨርሶ የለውም፤ ድምፁ በውስጡ ያለችን መብራት ያፈካል፣ መብራቷም እንደ ፍካቷ ድምፁን ትቀንሳለች፤ ሬሾው ከዘፋኙ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። የእኛም አገር ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን የራሱ ዘዴ ነበረው። አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም በጀመረበት ጊዜ ባንዱና ድምፃዊው አንድ ላይ፣ በጥቂት ማይክሮፎን ነበር የሚቀዱት። በዚያ ዓይነት አቀዳድ የሚጮህ ድምፃዊ ፈቀቅ ይላል፣ የሚያንጎራጉር ይጠጋል። ሬሾውን የሚያውቀው የዘፋኙ አንገት ነው።

ዛሬ አዲስ አበባ፣ ዱባይ፣ ቤሩት፣ መስካት፣ በየክፍሉ ኮምፒዩተር ይዞ ድምፅ የሚቀዳ ወጣት ሞልቷል። የሚላክልኝን ሥራ እሰማለሁ። ብዙው የእኔ የ2007 ሐምሌ ነው፤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አንድ ልክ። ሌላው ዘፈን ከጮኸ የእኔ ለምን ያንሳል በሚል ፉክክር የሚደረግ ነው። ግን ፉክክሩ ትርጉም ካጣ ቆይቷል። ስፖቲፋይ የሁሉንም ዘፈን ከፍታ ወደ አንድ ልክ ያመጣል፤ ዩቲዩብም ከልኩ ያለፈውን ዝቅ ያደርገዋል። ጨፍልቀን ያገኘነውን ከፍታ መልሰው ይወስዱታል፤ የጠፋው ርቀት ግን አይመለስም።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሬሾውን ከ2 ጀምሩ። ከ4 በላይ ለመሄድ ምክንያት ይኑራችሁ። የተጨመቀውንና ያልተጨመቀውን ስታወዳድሩ ሁለቱን በእኩል ከፍታ አድርጋችሁ ስሙ፤ ከፍ ያለው ሁልጊዜ ያማረ ይመስላልና። ከሁሉም በላይ ዘፋኙ ዝም የሚልበትን ቦታ አድምጡ። እዚያ የሚነሣ ነገር ካለ እጃችሁ በዝቷል ማለት ነው። ትዝታ የሚዘፍን ሰው የሚነግረን ነገር ያለው ዝቅ ባለበትና ከፍ ባለበት መካከል ነው፤ ያን መካከል ከወሰድንበት ግጥሙ ብቻ ይቀራል።

በ2012 ዓ.ም. ለእናቴ ለቅሶ ደሴ ስገባ የእትዬን ካሴት ቁም ሣጥኗ ውስጥ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ይዤው ተመልሼ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጥኩት። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ያንን የኤሲ ድምፅ ላጥፋልህ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም» አለኝ። እንዳይነካው ነገርኩት። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ባሕር ነው ብላ ያዳመጠችው ነው። ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም፤ ሬሾው 1 ለ 1 ነው።